መርዶው እስከ ሰኔ ይቆይ

ፈረንሳይ ለጋሲዮን፣ ታኅሣሥ 8 ቀን 2001 ዓ.ም.

ለምወድሽ ለዘርትሁን፣

እንዴት ከርመሻል? ባለቤትሽ፣ ልጆችሽ፣ ያ ተማሪ ሲንጫጫበት የሚውለው መዝገብ ቤትሽ፣ ሁሉም ደህና ነው? እኛ ጋ ብርዱ ከእንጦጦ እየተንደረደረ ወርዶ በራችን ላይ ይቆማል እንጂ ሌላው ደህና ነው። አባወራዬ አባይነህም ደህና ነው። የደን ጥበቃ ሥራውን አሁንም አልተወም። ጡረታህን ተቀበልና ቤትህ ተቀመጥ ቢሉት «ባሕር ዛፉን ማን ሊጠብቀው ነው?» ይላል፤ ባሕር ዛፍ እግር አውጥቶ የሚሄድ ይመስል።

«ልጅሽ ፋርማሲስት ሆና ተመርቃ የለም እንዴ፣ ደግሞ ምን ልትማር ጅማ ድረስ መጣች?» ላልሽኝ፣ እሰይ ጠየቅሽኝ! እኔ የሚጠይቀኝ ሰው ስፈልግ ነው የምውለው። ታክሲ ውስጥ አጠገቤ ለተቀመጠ ሰው ሁሉ አወራለሁ። አባይነህ «ሰውዬው እኮ መውረጃው አለፈው፣ ተይው» ይለኛል።

ነገሩ እንዲህ ነው። እስከ ዛሬ ፋርማሲስት ማለት መስኮት ነው። ወረቀት ትሰጫለሽ፣ እጅ ይወጣል፣ «በቀን ሦስት ጊዜ ከምግብ በኋላ» ይልሻል፣ በቃ። ፊቱን እንኳ በደንብ አታዪውም። ልጄ ነፃነት እዚህ ሆስፒታላችን መስኮት ውስጥ ተቀምጣ ኖራለች። አሁን የምትማረው ከመስኮቱ መውጣትን ነው። ድንገተኛ ክፍል ገብታ፣ አልጋው ሥር ከሐኪሙ ጎን ቆማ፣ በሽተኛው ገና ትንፋሹን ሲስብ የትኛው መድኃኒት፣ ምን ያህል፣ ከየትኛው ጋር እንደሚጣላ ተናግራ፣ በእጇ አዘጋጅታ ማቀበል። ሬዚደንሲ ይሉታል፤ ስፔሻሊስት ሐኪሞች እንደሚማሩት፣ እየሠሩ እያደሩ መማር ነው። ጎረቤቴ ሸዋረጋ «ታዲያ ሐኪም ሆነች በይና!» ስትለኝ «ሐኪሙ ራሱ እሷን ነው የሚጠይቀው» አልኳት። ትንሽ ጨምሬ ይሆናል። አንቺ ደግሞ ለልጅቷ እንዳትነግሪያት።

አሁን ቁም ነገሩን ልንገርሽ። ቤትሽ ያስጠጋሻት ልጅ ሆዷ ባባ ነው። አያቷ የሞተች ጊዜ ትምህርቷን ጥላ ከቤት አልወጣም ብላ ዓመቱን ሙሉ ደግማዋለች። የአሁኑ ግን አይደገምም። ከአሥር ቀን በላይ የቀረ ይሰናበታል፤ ገንዘቡን የሰጡት ሰዎችም ለአንድ ዙር ብቻ ነው የሰጡት። እስከ ሰኔ ምንም ነገር እንዳይነካብኝ። ብታለቅስም፣ ቤቴ ናፈቀኝ ብትልም፣ እንደ እናት ሆነሽ አስቀምጪልኝ።

ወሬዬ አላለቀም፣ ወረቀቱ ግን አለቀ።

ያንቺው አሳየች


ጅማ፣ ታኅሣሥ 30 ቀን 2001 ዓ.ም.

አሳየች፣

ሁለቱም ደብዳቤዎችሽ ደርሰውኛል፤ አንድ ላይ ስለመጡ መጀመሪያ የተቆጣሽበትን ከዚያ ይቅርታ ያልሽበትን አነበብሁ። ስላልጻፍኩ አልረሳሁሽም። የፈተና ውጤት እየመዘገብን ነው።

«ትበላለች ወይ?» ስታገኝ ትበላለች። «ትተኛለች ወይ?» ጫማዋን ሳታወልቅ ትተኛለች። «የወንድ ጓደኛ ይዛለች ወይ?» በየትኛው ሰዓቷ?

ባለፈው ሳምንት የገጠር ልጅ ፀረ ተባይ ጠጥቶ አመጡት። ሐኪሞቹ ትንፋሹን ሲይዙ መድኃኒቱን እያከታተለች የምትቀዳው እሷ ነበረች። ለልጅ የሚሰጠው መጠን ስንት እንደሆነ መጽሐፍ ሳትገልጥ ትናገራለች ይላሉ። ጣቷ የብልቃጥ አንገት ሲሰብር ተቆራርጦ መጣች። ልጁ ተረፈ። በማግስቱ ደውላ ለአባቷ «አባዬ፣ አንድ ልጅ ተረፈልኝ» ስትለው እኔ አጠገቧ ነበርኩ። «እሰይ» ብሎ ወዲያው ስልኩን ላንቺ ሰጠሽ አይደል? ያ ሰውዬ ስልክ የሚነክሰው ይመስለዋል። እሷ ግን ያቺን «እሰይ» ይዛ ሳምንቱን ሙሉ ስትስቅ ነው የሰነበተችው።

ለገና የላክሽው በርበሬ ደርሷል። እግዜር ይስጥልኝ።

ዘርትሁን


ፈረንሳይ ለጋሲዮን፣ ጥር 21 ቀን 2001 ዓ.ም.

ዘርትሁን እህቴ፣

ይህን በቤትሽ አድራሻ ሳይሆን በትምህርት ቤቱ ፖስታ ሣጥን የላክሁት ነፃነት እንዳታየው ነው። ስልክ እንዳልደውል ቤትሽ ስልኩን የምታነሣው እሷ ናት። በሩን ዝጊና አንብቢ።

አባይነህ ሞተ። ጥር 14 ቀን ቀበርነው።

ንብ ነው። እንዲህ ብዬ ስጽፈው ራሱ የማላምነው ነገር ነው። ባሕር ዛፉ አብቦ ንቡ ሰፍሮበት ኖሯል፤ ቅርንጫፍ የሚቆርጡ ሰዎችን ሊያባርር ሄዶ በእሱ ላይ ተነሣበት። በሰው መኪና ወደ ሆስፒታላችን አወረዱት፤ እኔም እዚያው ደረስኩ። ሲገባ ይናገር ነበር። የቀረውን አሁን አልጽፈውም። እጄ እሺ ሲለኝ እጽፈዋለሁ።

አሁን የምነግርሽን እንደ እህት ስሚኝ። ለነፃነት አልተነገራትም። አይነገራትምም። መርዶው እስከ ሰኔ ይቆይ።

ምን እንደምትዪ አውቃለሁ። ከቀብር ቀረች፣ ከሠልስት ቀረች፣ አርባውም ሊያልፋት ነው ትያለሽ። ግን ብነግራት ዛሬውኑ አውቶቡስ ተሳፍራ ትመጣለች፤ ከመጣች ደግሞ አትመለስም፣ ልጄን አውቃታለሁ። የአንድ ዙር ትምህርት ነው ብዬሻለሁ። ሰው ውጭ አገር ሲማር እናቱ ሞታ እስኪጨርስ ሲደበቅለት ስንት አይተናል? ሰው ያደረገውን ነው ያደረግሁት።

እዚህ ሁሉንም አስጠንቅቄያለሁ። ዕድሩን፣ ማኅበሩን፣ ባለ ሱቁን። ሸዋረጋን እንኳ መስቀል አስመትቻታለሁ። ከእኔ በኩል እንደማይወጣ እመኚኝ። አንቺ ፊትሽን ጠብቂ። ነጠላሽን አትዘቅዝቂ። እሑድ ስትደውልልኝ እኔ የማወራውን አውቃለሁ፤ አባይነህ እንደ ሆነ ስልክ እንደማይወድ ታውቃለች።

እምቢ አትበዪኝ።

አሳየች


ጅማ፣ የካቲት 4 ቀን 2001 ዓ.ም.

አሳየች፣

እግዚአብሔር ነፍሱን ከደጋጎቹ ጋር ያሳርፍልሽ። አንቺንም ያጽናሽ። የሚያጽናና ነገር ልጽፍልሽ ሦስት ወረቀት ጀምሬ ቀድጃለሁ።

የጠየቅሽኝን አድርጌያለሁ። ደስ ብሎኝ እንዳይመስልሽ። ደብዳቤሽን ባነበብኩበት ቀን ወደ ቤቴ መግባት ፈርቼ ትምህርት ቤቱ መጸዳጃ ቤት ውስጥ አልቅሼ ፊቴን ታጥቤ ነው የገባሁት። እሷ ቀድማኝ ገብታ ሽንኩርት እየከተፈች ነበር። «እትዬ ዘርትሁን፣ ዓይንሽ ምን ሆነ?» ስትለኝ «የሽንኩርቱ ነው» አልኳት፤ ገና ከበር ሳልገባ። ቀና ብላ አየችኝና መክተፏን ቀጠለች።

የሟች ልጅ ከቤቴ እየወጣች ቤቴ እየገባች እኔ «ቁርስ ብዪ» እላታለሁ። ባለቤቴ ከእሷ ጋር ማዕድ መቅረብ አቅቶት ራት ሥራ ቦታ እየበላ ይመጣል። ኃጢአት ነው አሳየች። ካህን ጠይቄያለሁ፤ «እናቷ ካለች እናቷ ታውቃለች» አለኝ። እኔም ላንቺው እመልሰዋለሁ፤ አንቺ ታውቂያለሽ።

ካልከበደሽ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ሲገባ ይናገር ነበር ብለሻል። ሆስፒታል ደርሶ ነው እንግዲህ። ታዲያ መድኃኒት አልነበረም?

ዘርትሁን


ፈረንሳይ ለጋሲዮን፣ የካቲት 28 ቀን 2001 ዓ.ም.

ዘርትሁን፣

አርባውን አውጥተናል። ሰው መጣ፣ በላ፣ ጸሎት ተደረገ፣ ሄደ። ድንኳን ያልተከልሁት ድምፁ ጅማ እንዳይደርስ ነው ብዬ ስነግራቸው የዕድሩ ዳኛ ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። ከሞተ ወዲህ የመጀመሪያዬ ነው፤ አፈርኩ።

መድኃኒት አልነበረም ወይ አልሽኝ። ነበረ።

ሐኪሟ ልጅ እግር ናት፣ እሷን አልወቅሳትም፤ ገና እንዳየችው አወቀች። «አድሬናሊን!» ብላ ነርሷን ተጣራች። የክፍሉ ሣጥን ሲከፈት ባዶ ነው። በዋዜማው ለመጣ ሰው ጨርሰውታል፣ የሚተካው ሰው አልተካውም። መጋዘን ሞልቷል። ስለዚህ ወረቀት ተጻፈ። ለማን ተሰጠ? ለእኔ። አስታማሚ ሥራው ምን ሆነና፤ ወረቀት ይዞ መሮጥ። እጁን ይዤው ነበር። ለቅቄው ሮጥሁ።

መስኮቱ ጋ ስደርስ ሰው ተሰልፏል። ገፍቼ ገባሁ። ሰውዬው ወረቀቱን አገላብጦ «ማኅተም የለውም፣ ካርድ ክፍል አስመቺና ነይ» አለኝ።

«ልጄ፣ የነፃነት አባት እኮ ነው! አንተ የተቀመጥክበት ወንበር ላይ የነበረችው የነፃነት! የሚሞት ሰው ነው!»

«እናቴ፣ ሁሉም እንደዚያ ነው የሚለኝ። ካለ ማኅተም ባወጣ የምጠየቀው እኔ ነኝ።»

ክፉ ሰው አይደለም። ዝቅ ብሎ ነው የተናገረኝ። ካርድ ክፍል ሄድሁ፣ ተመታልኝ፣ ተመለስሁ፣ ሰጠኝ። ብልቃጧ ከጣቴ ጫፍ አትበልጥም። ይዤ ስገባ ነርሷ ከአልጋው ጎን ተነሥታ ወደ እኔ መጣች። ከእጄ ተቀበለችኝና «ለሌላ ሰው ይሆናል» አለችኝ።

አሁን ገባሽ ለምን እንደደበቅኋት? ልጄ እኮ ሌላ አይደለም የምትማረው፣ ይህንኑ ነው! ያንን ሣጥን አልጋው ሥር ሞልታ ልትቆም ነው። መጥታ እዚህ ከእኔ ጋር ከርታታ ብትቀር፣ ያ አልጋ ሥር ማን ይቆማል? አባቷን ለቅሶ አይመልሰውም። ትምህርቷ ግን ሌላ ሰው ይመልሳል።

እሑድ እሑድ ስትደውል ጥሩ አድርጌ ነው የማወራት። «አባዬስ?» ትለኛለች፤ «ጫካው ላይ ነው፣ ባሕር ዛፍ አግብቷል» እላታለሁ። ባለፈው «ጫማ ገዛሁለት፣ ጠበበው» አልኳት። ከየት እንደሚመጣልኝ አላውቅም። ስልኩን ስዘጋ ለትንሽ ጊዜ እውነት ይመስለኛል፤ እግዜር አይቁጠርብኝ፣ ያቺን ትንሽ ጊዜ ወድጃታለሁ።

አሳየች


ጅማ፣ ሚያዝያ 21 ቀን 2001 ዓ.ም.

አሳየች፣

እንኳን ለትንሣኤው አደረሰሽ። ባለፈው ቀጠሮ ሳልጽፍ ስለቀረሁ አትቀየሚኝ።

«ፋሲካን እንዴት አለፈችው?» ተረኛ ነበረች። በዓሉን እዚያው ሆስፒታል ዋለች። ለሌሎቹ ልጆች ቤተሰብ ሲደውልላቸው እሷ የእነሱንም ተራ ወስዳ ሠራች አሉ። የሚያስተምሯት ሰው ትምህርት ቤታችን ልጃቸውን ሲያመጡ አገኘኋቸውና «ከስድስቱ ተማሪዎቼ የሚወዳደራት የለም» አሉኝ። «አትደክምም» አሉኝ። ሰው የማይደክምበት ምክንያት ምን እንደሆነ አልጠየቅኋቸውም።

አንድ ነገር ግን አልወደድኩትም። ድሮ ማታ ማታ «አባዬ እንዲህ አለ፣ አባዬ እንዲህ አደረገ» ስትል ነበር። ከፋሲካ ወዲህ አፏ ላይ የለም። ስሙን እንኳ አትጠራም። እኔ ሆን ብዬ ላወጣጣት «አባትሽ ይህን ሰላጣ አይወድም አይደል?» ስላት «ጨው አቀብዪኝ» አለችኝ።

ከሰኔ በፊት እንንገራት። አንቺ ነይ፣ አቅፈሽ ንገሪያት። የእናት ሥራ ነው እንጂ የእኔ አይደለም።

ዘርትሁን


ፈረንሳይ ለጋሲዮን፣ ግንቦት 9 ቀን 2001 ዓ.ም.

ዘርትሁንዬ፣

አንቺ ያልወደድሽው ነገር እኔን እንዴት ደስ እንዳለኝ! እኔ ጋም መጠየቋን ካቆመች ሳምንታት አለፉ። ትምህርቱ ይዟታል ማለት ነው። ራሷ ሞልቶ አባት ማሰቢያ ቦታ አጣች። እሰይ! እኔም መዋሸቱ ቀለለኝ።

እንንገራት ያልሽውን ተይው። ጥቂት ሳምንት ነው የቀረው። እኔ ልምጣ ብል ደግሞ ጥቁሬን የት አደርገዋለሁ? ፊቴንስ? ካየችኝ አለቀ።

እንዴት እንደሚነገራት አስቤበታለሁ። የመጨረሻ ፈተናዋን በጨረሰች ማግስት፣ ገና ጎሕ ሳይቀድ፣ ከቤት ሳትወጣ። ባለቤትሽ፣ ያ ካህን፣ የትምህርት ቤቱ ዳይሬክተር፣ አንቺ። ራሷን ብትስት ውኃ አዘጋጂ። ግድግዳ እንዳትመታ ከኋላዋ ሰው ይቁም። አያቷ የሞተች ጊዜ ግንባሯን ፈንክታ ነበር። እኔ እዚህ አልቃሾቹን አዘጋጅቼ ሁለተኛ ለቅሶ እንቀመጣለን። የሚቀርባት ነገር የለም።

አሳየች


ጅማ፣ ሰኔ 27 ቀን 2001 ዓ.ም.

አሳየች፣

ነገርናት። እንዴት ሆነች ብለሽ ስልክ ደውለሽ ባለቤቴን ስትጠይቂው «ደህና ናት» ብሎ ዘጋብሽ። እኔ ልጻፍልሽ።

እንዳልሽው ጎሕ ሳይቀድ ክፍሏን አንኳኳን። ካህኑ መስቀላቸውን ይዘዋል፣ ባለቤቴ ከኋላ ቆሟል፣ እኔ ውኃ ይዣለሁ። በሩን ከፈተችና አራታችንንም አየችን። ካህኑ «ልጄ፣ ሁላችንም መንገደኞች ነን…» ብለው ሲጀምሩ «አባቴ፣ አይድከሙ። አውቃለሁ» አለች።

አውቃ ነበር አሳየች። በሞተ በሦስተኛው ቀን።

ሰቦቃ የሚባል አብሯት መስኮቱ ውስጥ ይሠራ የነበረ ልጅ፣ እዚህ ሆስፒታል ስልክ ደውሎ «እግዚአብሔር ያጽናሽ» ብሏታል። የባልደረባ ወጉን ነው ያደረሰው። ፈረንሳይን በሙሉ አፉን አስያዝሽ፣ አባቷ የሞተበት ሆስፒታል የእሷው መሥሪያ ቤት መሆኑን ረሳሽው። እኔም ረሳሁት። ሁላችንም ረሳነው።

ባለቤቴ «ታዲያ ለምን ዝም አልሽ?» አላት።

«እማዬ እንድማር ፈለገች። ተማርኩላት።»

እኔ አላስቻለኝም፤ «እሑድ እሑድ እየደወልሽ ‹አባዬስ?› የምትያትስ?» አልኳት።

«ትነግረኝ እንደሆነ ብዬ ነዋ። ጫማ ጠበበው ብላኝ እንኳ እስከ ፋሲካ ጠበቅኋት። ከዚያ ተውኩት።»

አላለቀሰችም። እኔ ማልቀስ ስጀምር ውኃውን ከእጄ ተቀብላ እኔን አጠጣችኝ። ከዚያ ሻይ አፍልታ አቀረበችልን። መርዶ ልንነግር ገብተን ሻይ ጠጥተን ወጣን። ዳይሬክተሩ በር ላይ «እንዲህ ዓይነት ነገር አይቼ አላውቅም» ሲሉ ሰምታቸዋለች።

ከስድስቱ አንደኛ ወጥታለች። የፈለግሽው ይህ ነበርና ይኸው ጻፍኩልሽ።

ዘርትሁን


ፈረንሳይ ለጋሲዮን፣ ነሐሴ 16 ቀን 2001 ዓ.ም.

ለዘርትሁን፣

አንቺን ያስቀየምኩሽን ይቅር በዪኝ። ባለፈው የጻፍኩልሽን ደብዳቤ አቃጥዪው፤ «አሳልፈሽ ሰጠሽኝ» ያልኩሽ በንዴት ነው። ማን ማንን አሳልፎ ሰጠ?

«እንዴት ተገናኛችሁ?» ብለሽ ለጠየቅሽው፦ አልቃሾቹን ሰብስቤ፣ ሰፈሩን ጠርቼ ጠበቅኋት። ከታክሲ ስትወርድ ሴቶቹ ደረታቸውን እየመቱ ወጡ። እሷ እያንዳንዳቸውን እያቀፈች፣ «እግዜር ይስጥልኝ፣ ደክማችኋል፣ ግቡ» እያለች ወንበር ስታቀርብ ቆየች። ሸዋረጋ በጆሮዬ «ይህች ልጅ ድንጋይ ነው እንዴ የበላችው?» አለችኝ። 

ሰው ሲሄድ ብቻችንን ቀረን። «አልቅሽ እንጂ ልጄ!» አልኳት።

«አልቅሻለሁ።»

«መቼ? ከማን ጋር?»

«መድኃኒት ክፍል ውስጥ። ከማንም ጋር።»

ከዚያ ወረቀቱን ማን እንደጻፈው፣ መስኮቱ ጋ ማን እንደነበረ፣ ካርድ ክፍል በየት በኩል እንደሄድሁ ጠየቀችኝ። እንደ ሐኪም ነው የጠየቀችኝ። ሁሉንም ነገርኳት። ስጨርስ «እማዬ፣ እጁን ይዘሽው ነበር?» አለችኝ። «ስሮጥ ለቀቅሁት» አልኳት። ራሷን ነቀነቀችና ዕቃዋን አነሣች። ኮተቤ ቤት ተከራይታለች። «እዚህ ለሥራ ይርቃል» አለችኝ። ከፈረንሳይ ለሆስፒታሉ ኮተቤ ይቀርባል እንዴ ዘርትሁን? እኔ መንገድ የማላውቅ ሰው ነኝ?

ሆስፒታሉ ደግሞ ያንን ሁሉ ተምራ መጥታ ወደ መስኮቱ ተመለሺ ብሏት ነበር። መዋቅር ላይ የድንገተኛ ክፍል ፋርማሲስት የሚባል መደብ የለም አሏት። «መደቡ እስኪመጣ ቆሜ እጠብቃለሁ» ብላ ድንገተኛ ክፍል ሄዳ ቆመች አሉ። በየቀኑ እየሄደች ትቆማለች። ማስጠንቀቂያ ጻፉባት፤ እሱንም ተቀብላ ቆመች። አሁን ሳይወዱ ተውዋት መሰለኝ። ይህንን ሁሉ የሰማሁት ከእሷ አይደለም፣ ከሰቦቃ ነው። መንገድ ላይ አግኝቶኝ «እማማ፣ ይቅርታ፣ የምታውቅ መስሎኝ ነው» ብሎ እግሬ ላይ ሊወድቅ ደረሰ። ትከሻውን ይዤ አስቀረሁት።

አሳየች


ፈረንሳይ ለጋሲዮን፣ ጥር 17 ቀን 2002 ዓ.ም.

ለእህቴ ለዘርትሁን፣

ዝም ያልኩሽ ታምሜ አይደለም። የሚጻፍ ነገር አጥቼ ነው፤ እኔ አሳየች! «ታረቃችሁ ወይ?» ትዪኛለሽ በየደብዳቤሽ። አልተጣላንም እኮ። በዓል ሲሆን ትመጣለች፣ ትስመኛለች፣ የደም ግፊቴን ትለካልኛለች፣ ትሄዳለች። ስለ አባቷ አንድም ቀን አንሥተን አናውቅም። እኔ ልጀምር ስል ሰዓቷን ታያለች።

ሙት ዓመቱን ጥር 14 አወጣነው። እንድትመጣ ሰው ልኬባት «ተረኛ ነኝ» አለች። ተረኛ መሆኗ እውነት ነው፤ ጠይቄ አረጋግጫለሁ። ሰው ሲበታተን ከተሠራው ሁሉ ትንሽ ትንሽ በሰሐን አድርጌ፣ በጨርቅ አስሬ፣ እኔው ራሴ ይዤላት ሄድሁ። ዓመት ሙሉ በዚያ በር አልፌ አላውቅም። ዘበኛው «እናቴ፣ ማን አለዎት?» አለኝ። «አስታማሚ ነኝ» አልሁት፣ አስገባኝ።

ክፍሉ ያው ነው። አባይነህ የተኛበት አልጋ ላይ አንድ ሽማግሌ ተኝቷል፤ ደረቱ ሲያፏጭ ከበር ይሰማል። ልጄ አጠገቡ ቆማለች። ነጭ ካፖርት ለብሳለች፤ ከስታለች፣ አባቷን መስላለች። ከጎኗ ትንሽ ጋሪ አለ፣ መድኃኒቱ ሁሉ እዚያ ላይ ነው። ሐኪሙ ምን እንዳላት አልሰማሁም፤ እሷ ግን እሱ ዓይኑን ከሽማግሌው ሳይነቅል የሚፈልገውን እጁ ላይ ታስቀምጥለት ነበር። ሽማግሌው እየቆየ ትንፋሹ ረጋ። እሷ ዞራ ወደ ሌላው አልጋ ሄደች።

ሚስትየው በእኔ ዕድሜ ናት። አልጋው ሥር በርጩማ ላይ ተቀምጣለች። ዝም ብላ ተቀምጣ እጁን ይዛለች።

ተጠግቼ «ወረቀት አልሰጡሽም?» አልኳት።

«የምን ወረቀት?» አለችኝ።

እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ ዘርትሁን፣ ሴትዮዋን ጠላኋት። ባሏ ስለተረፈላት መሰለሽ? አይደለም። ስለተቀመጠች ነው። ሁለቱንም እጆቿን አየሁ፤ አንዱ እሱን ይዟል፣ ሌላው ጭኗ ላይ አርፏል፣ ምንም አልያዘም። ይህንን እኮ ነው ልጄን አስጨርሼ ያመጣሁት። ደስ ሊለኝ ነበር የሚገባው፤ እልል ልል ነበር የሚገባኝ።

ነፃነት ቀና ስትል አየችኝ። ሰሐኑንም አየች። ቀኑ ምን ቀን እንደሆነ ታውቃለች። ወደ እኔ ትመጣለች ብዬ ቆሜ ጠበቅኋት። ነርሷ ጠራቻት፣ ሄደች።

ሴትዮዋ ዓይኔን ተከትላ አየቻትና «ይህችን የመሰለች ልጅ!» አለችኝ። «እንደ ገባን ከዚህ ሳንነቃነቅ ሁሉን አቀረበችልን። ትባረክ። የማን ልጅ ትሆን? ታውቂያታለሽ?»

«እንጃ» አልኳት፤ «አላውቃትም።»

ሰሐኑን ለዘበኛው ሰጥቼ በእግሬ ወደ ቤቴ መጣሁ።

አሳየች